«አሁን» ባይዋና ጉጉቶቹ

ሰው ፊት እንደ አህያ እያናፋ የሚተዳደር ካለ እኔ ነኝ። ባሌ ፎቶ አንሺ ነው። እሱ ካሜራው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያስተካክል እኔ ከጀርባው ቆሜ፣ ከፋይ በለበሰው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሕፃን አስቃለሁ። አናፋለሁ፤ ሚያው እላለሁ፤ ጉንጬን ነፍቼ በጣቴ አፈነዳለሁ፤ ከንፈሬን የእጄ ጀርባ ላይ ገጥሜ እንደ አይጥ ሲጥ ሲጥ አደርጋለሁ። መጀመሪያ የሕፃኑ ዓይን ወደ እኔ ይመጣል። ቀጥሎ አገጩ ላላ ይላል። ሳቁ ልትመጣ ስትል «አሁን!» እላለሁ፤ እሱ ካሜራውን ይጫናል። ከሁለታችን ያመለጠች ሳቅ አልነበረችም።

ሰፈሩ እሱን «አትነቃነቅ» ይለዋል። ለመታወቂያ ፎቶ ለመጣውም፣ ለሙሽራውም፣ ለጡረተኛውም የሚለው ቃል እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። እኔን «አሳቂዋ» ይሉኛል። ፎቶ ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ መጋረጃ ነው። ፏፏቴ የተሳለበት ሸራ አለን፤ መስታወቱ ሥር ማንም እንዳይወስደው በክር የታሰረ ማበጠሪያ አለን፤ ሚስማር ላይ ደግሞ ለማንም ልክ የማይሆን ጥቁር ኮት ተንጠልጥሏል። የሰፈሩ ሰው ግማሹ መታወቂያ ያወጣው በዚያ ኮት ነው፤ ትከሻቸው ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነው ለዚህ ነው።

እሱ ሌንሱ ውስጥ የሚያየው ጥራትና ብርሃን ነው። የሳቅን መምጫ የማውቀው እኔ ነኝ። ገና ስንጋባ እንዲህ ተከፋፈልነው፤ ዓይኑ የእሱ፣ ጊዜው የእኔ። ተስማምቶን ኖረናል።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ነገር ተበላሸ። «አሁን!» እላለሁ፤ ባሌ ዝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሁን እኮ!» እላለሁ። እሱ ሲጫን ሳቁ አልፏል። ፎቶው ታትሞ ሲወጣ ሕፃኑ ወይ ሊያዛጋ ነው ወይ ሊያለቅስ ነው። አንዲት እናት ፎቶውን አገላብጣ አገላብጣ አየችና፣ «እትዬ፣ ልጄን ምን ብላችሁ ነው ያስቀየማችሁብኝ?» አለችኝ። ዋጋውን ሳልቀበላት ሸኘኋትና መጋረጃው ኋላ ገብቼ ብቻዬን ተብከነከንኩ።

ቤትም ያው ነው። ሳወራው ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ደግሜ ስጠይቀው «እሺ አልኩሽ እኮ!» ብሎ ይጮህብኛል፤ እሺ ሳይለኝ። ይህ ሰው ድሮ ሲያወራ ጆሮህን አስጠጋ የሚያሰኝ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። አሁን እንደ ጨረታ አጫራች ይጮኻል። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ አንድ ነገር ሲለው ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የብረት መሰላላችን ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቀረ። «ለምን ሰጠኸው?» ስለው ለእኔም ራሱን ነቀነቀልኝ። በቃ፣ ይሄ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል አልኩ። ተንቄአለሁ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ያለው ሰው የእኔን ባል አላየውም።

ታናሽ እህቴ መዋእለ ሕፃናት አላት። ሄጄ አለቀስኩላት። «ታዲያ ምን ያንገበግብሻል? ነይ እኔ ጋ» አለችኝ። «ልጆቹ ይወዱሻል። ማንም አይንቅሽም።» ሰኞ ልጀምር ተስማማን።

ለባሌ ነገርኩት። መስታወቱ ፊት ቆሞ ሌንሱን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። «ሰኞ እህቴ ጋ ሥራ እጀምራለሁ። ከእንግዲህ ፎቶ ቤቱን ብቻህን ያዘው» አልኩት። በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀና ጠረጋውን ቀጠለ።

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሌንሱን ወርውሮ ቢሰብረው ይሻለኝ ነበር። ስንት ዘመን ቆሜ ያረጀሁበት ቦታ በአንድ ነቅነቅ ብቻ የሚለቀቅ ኖሯል? ያን ዕለት ጀርባና ጀርባ ሆነን ተኛን።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህሯ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። እሷም ሕፃን ሳለች እኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አናፍቼላት፣ ስቃ የተነሣች ናት። ባሌ ሸራውን ሊጠቀልል ጎንበስ ብሎ ሳለ ከጎኑ ቆማ፣ «ጋሼ፣ አሮጌው ሲኒማ ቤት ግድግዳ ውስጥ ጉጉት ፈልፍላለች። ሦስት ጫጩቶች አሏት። በዚህ ሰሞን ጎጇቸውን ለቀው ሊወጡ ነው። ሲወጡ ፎቶ ቢያነሱልኝ፣ በትልቁ አሳትሜ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ልሰቅለው ፈልጌ ነበር» አለችው። ባሌ እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከእሱ ይልቅ ተደሰትኩ ብል ይሻላል። የመጨረሻ ሥራችን ነው፤ ቢያንስ የሚያለቅስ ሕፃን የለበትም አልኩ።

ፀጉር አስተካካዩ ወሬውን ሰምቶ ምላጩን እንደያዘ ደጃችን ላይ ብቅ አለ። «ጉጉት? እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም? ጉጉት የሰው ጣሪያ ላይ ካረፈች እኮ ለቤቱ ጥሩ አይደለም!»

«እሷ እኛ ጣሪያ ላይ አላረፈች፤ እኛ ነን ሄደን ደጇ ላይ የምናርፈው። ጥሩ ካልሆነም ለእሷ ነው» አልኩት። «ይልቅ መሰላላችንን መልስ።»

«ጋሼ ሰጥተውኝ እኮ ነው!» ብሎ ገባ።

ሲኒማ ቤቱ ፊልም ማሳየት ካቆመ ቆይቷል። መንገዱን በሚያየው ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ክብ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለ፤ የብረት መረቡ ዝጎ ረግፏል። ጎጆው እዚያ ውስጥ ነው። ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ የትኬት መሸጫው ቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። ከጠባቡ መንገድ ማዶ ደግሞ ልብስ ስፌት ቤት አለ፤ የፎቁ ዕቃ ክፍል መስኮት ከቀዳዳው ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። ልብስ ሰፊዋ ሠራተኞቿን አሰናብታ ቁልፉን ስትሰጠን፣ «ድምፃቸውን ስትሰሙ እንዳትደነግጡ» አለችን። «ጨርቅ የሚቀደድ ነው የሚመስለው። ልጆቹ ጣቃዬን እየቀደዱ መስሎኝ ስንቱን በከንቱ ተቆጣሁ መሰላችሁ።»

ክፍሉ የማሽን ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ አለው። ጣቃዎች እስከ ኮርኒሱ ተደርድረዋል። ራስ የሌላት የእንጨት ሴት ግማሽ ቀሚስ ለብሳ ጥግ ቆማለች። ባሌ ካሜራውን ስታንዱ ላይ አሰረ፤ ከዚያ ሻንጣውን ከፍቶ ማበጠሪያውንና ያንን ጥቁር ኮት አወጣ። መምህሯ ኮቱን አየች፤ እኔን አየችኝ።

«ጋሼ፣ ኮቱ ለምንድን ነው?»

ባሌ ኮቱን አየ፤ ከንፈሯን አየ፤ መስኮቱን አየ። «ለመስኮቱ ነው!» ብሎ ጮኸና ኮቱን መስኮቱ ላይ እንደ መጋረጃ ሰቀለው። ሌንሱን በእጅጌው ሥር አሾለከው። መምህሯ ብልሃቱን አደነቀች። እኔ ግን ይሄ ሰው ጤነኛ ነው? አልኩ በሆዴ።

መምህሯ ቀስ ብላ ደንቡን ነገረችን። ፍላሽ የለም። ጫጫታ የለም። መነካካት የለም። ጫጩቶቹ መጀመሪያ ወደ አፋፉ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ ክንፋቸውን ያራግባሉ፤ ጊዜያቸው ሲደርስ በራሳቸው ይሄዳሉ። ቸኩሎ የወጣ ግን መሬት ይወድቃል፤ መንገዱ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ድመት ሁሉ አለ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንዱ ብቅ አለ። ጉጉት ሲባል ያን ሁሉ አስፈሪ ወሬ እሰማ ነበር፤ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ነጭ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ፊት፣ ሁለት ጥቁር ዓይን፣ አናቱ ላይ ገና ያልረገፈ የሕፃን ጥጥ። ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ፎቶ ቤት የመጣ ልጅ በሉት። ከውስጥ ወንድምና እህቱ ሽርርር እያሉ ይጮኻሉ፤ እውነትም ጨርቅ እየተቀደደ ነው።

አንዱ ይወጣል፤ ይገባል። ሌላው አናቱን ብቻ ያሳያል። ሦስቱም አንድ ላይ አይመጡም። የባሌን ጀርባ አያለሁ፤ ጣቱ ከካሜራው በወረደው የመጫኛ ገመድ ቁልፍ ላይ ነው፤ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ልጅ አልመለከትም ሲል ዝም ብዬ ማየት አላውቅበትም። እጄ ሳላዘው ወደ አፌ ሄደ። ከንፈሬን የእጄ ጀርባ ላይ ገጥሜ ሲጥ ሲጥ አደረግሁ።

ሦስቱም በአንዴ ግር ብለው ወጡ። ተገፋፉ፣ ተረጋገጡ፣ ትንሿ ከመሀል ተገፍትራ ሾለከችና በጥፍሯ አፋፉን ይዛ ተንጠለጠለች። ክንፏን አርገበገበች። «አሁን!» አልኩ፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው፤ ፎቶው ይነሣ ልበል ነፍሷ ትትረፍ እኔም አላውቅም። ትንሿ እንደምንም ተንጠራርታ ገባች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ባሌ ተጫነ። ያነሣው ባዶውን ቀዳዳ ነው።

መምህሯ ፊቷ አመድ መስሏል። «እትዬ! የአይጥ ድምፅ እኮ ነው ያሰሟቸው! ለእራት ነው የጠሯቸው!»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ባሌ ዞሮ፣ «ምን ሆኑ? ምን አስደነበራቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ነኛ! አልሰማህም?»

ራሱን ነቀነቀ። የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። መምህሯ እዚያው ባትኖር ኖሮ ያቺን ራስ የሌላት ሴት አንሥቼ አናቱ ላይ በሰበርኩለት።

በማግስቱ መምህሯ ስብሰባ ነበረባት። ወደ ሥራ ስታልፍ ፎቶ ቤት ጎራ ብላ፣ ሁለቱ ታላላቆች ጎሕ ሲቀድ በርረው ሲኒማ ቤቱ ጣሪያ ላይ ማረፋቸውን ነገረችኝ። «ትንሿ ብቻ ቀርታለች። ዛሬ ሳትወጣ አትቀርም። እትዬ፣ አደራ!» ብላ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። እንደ ተማሪዋ «እሺ» አልኳት።

አመሻሽ ላይ ሁለታችን ብቻ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ገባን። ባሌ በኮቱ እጅጌ ሥር ጎንበስ አለ፤ እኔ ከጀርባው ቆምኩ። የመጨረሻው ነው፤ ዛሬ ነገ ሲባል ሰኞ ይደርሳል። ትከሻውን አየሁት። ሸሚዙን የጠገንኩት እኔ ነኝ፤ ስፌቱ ትንሽ ተጣሟል። ይህን ጀርባ ስንት ዘመን እያየሁ ኖርኩ፤ ከሰኞ በኋላ ምን አያለሁ አልኩና እንባዬ መጣ። ተናድጄ ዋጥኩት።

ቀዳዳው ውስጥ ትንሿ ብቻዋን ስለቀረች ነው መሰለኝ፣ የሦስቱን ያህል ትጮኻለች። ሽርርር፤ ትንሽ ታርፍና እንደገና ሽርርር። ክፍሉ በእሷ ድምፅ ሞልቷል። ሣጥን ውስጥ ያሉት የልብስ ቁልፎች እንኳ የሚንቀጠቀጡ መሰለኝ።

ባሌ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሣ፣ «ዛሬ ጭጭ ብላለች» አለ። «ደኅናም አይደለች እንዴ? ትላንትም እኮ ድምፃቸው አይሰማም ነበር። ጨዋ ልጆች ናቸው።»

መጀመሪያ የቀለደ መሰለኝ። እሱ ግን አይቀልድም፤ ቀልድ የእኔ ሥራ ነው። ሽርርር ትላለች እሷ። እሱ በእርጋታ ይጠብቃል።

ቀስ ብዬ፣ በተራ ድምፄ፣ «አንተ» አልኩት። ዝም። «አንተ ድንጋይ» አልኩት። ዝም። ጎንበስ ብዬ ከጆሮው አንድ ስንዝር ላይ፣ በፎቶ አንሺ ላይ የመጨረሻ የሆነውን ስድብ ሰደብኩት፦ «ያነሣሃቸው ፎቶዎች በሙሉ የደበዘዙ ናቸው።»

ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ባል የለኝም። አንድ ጊዜ አማቹ ፊት ይህን ያለውን ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ያባረረ ሰው ነው። አሁን ግን ጭራሽ አልተንቀሳቀሰም። ሌንሱን በጣቱ ጫፍ ትንሽ ዞር አደረገና መጠበቁን ቀጠለ።

አፌን በእጄ ያዝኩ። ያ ሁሉ የራስ መነቅነቅ ፊቴ ላይ መጣ። መሰላሉ መጣ። ኮቱ መጣ። መስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ ያየኝ ዓይን መጣ፤ የሚፈራ ዓይን ነበር ለካ፤ እኔ ንቀት ነው ያልኩት። ሰው ጨለማ ውስጥ ገብቶ አጠገቤ ግድግዳ ሲዳብስ እኔ ገፈተረኝ እያልኩ ስከስሰው ከርሜአለሁ። አለቀስኩ። ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ፤ ምን ቸገረኝ፣ የሚሰማኝ የለም።

ያን ጊዜ ነው ትንሿ የወጣችው።

አፋፉ ላይ ቆመች። አንገቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች እያደረገች ርቀቱን ለካችው። ተመለሰች። እንደገና መጣች። እናቷ ከየት መጣች ሳልል ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዱብ አለች፤ በአፏ አይጥ ይዛለች። ወደ ጎጆው አልገባችም። ቀና ብላ ልጇን አየችና እዚያው ቆመች። መጥተሽ ውሰጂ ነው ነገሩ። ትንሿ ጮኸች፣ ለመነች፣ ተቆጣች። እናት ፍንክች አላለችም። እኔ እናቷን ብሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ አመላልሼ አጉርሻት ነበር።

የባሌ ጣት ገመዱ ላይ እንደተዘጋጀ ነው። አሁን የገባኝ እሱም የሚጠብቀው እኔን መሆኑ ነው፤ ሁልጊዜ የሚጠብቀው እኔን ነበር፤ እኔ ደግሞ አልደርስለትም። መጮህ አይቻልም። ብጮህም ለእሱ ዋጋ የለውም። እጄን አንሥቼ ትከሻው ላይ፣ ያቺ የተጣመመች ስፌት ላይ አሳረፍኩ።

ደንገጥ አለ። ግን ዓይኑን አላነሣም።

ትንሿ ጎንበስ አለች። የፊቷ ላባ ጭምድድ አለ። የሕፃንን ሳቅ መምጫ የማውቅ ሰው የጉጉትን መሄጃ እንዴት አውቃለሁ? አላውቅም። ግን ጥፍሯ አፋፉን ሲለቅ፣ ገና ሳይለቅ፣ ትከሻውን ጫን አደረግሁት። ቀጭ አለ ካሜራው፤ እዚያው፣ በእጄ ሥር።

ትንሿ መብረር ይባል መውደቅ በማይታወቅ አኳኋን ክንፏን ገልጣ ሄደች። ቆርቆሮው ላይ ድብ ብላ አረፈች፤ ተንሸራተተች፤ ተነሣች፤ ማን አየኝ እንደሚል ሰው ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ተንደርድራ አይጧን ከእናቷ አፍ ነጠቀች።

ባሌ ፎቶውን በካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን አየ። እኔም በትከሻው ላይ አየሁ። ክቡ ቀዳዳ መሀል ሁለት ክንፍ እስከ ጫፉ ተዘርግቷል፤ እግሮቿ አፋፉን ለቀዋል፤ ፊቷ ጥርት ብሎ ወደ እኛ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ በጊዜው የተነሣ የመጀመሪያው ፎቶ ነው።

ቀስ ብሎ ቀና አለና ወደ እኔ ዞረ። እንባዬን አየው።

«አወቅሽብኝ» አለ። ጮሆ ነው ያለው፤ በሹክሹክታ ያለው ግን መስሎታል።

ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ከንፈሬን እንዲያየው። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?» አለ። «አንቺ ‹አሁን› ሳትዪ አንድ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም። ‹አሁን› ካልሰማሁ ለምን እፈልግሻለሁ፣ ለምንስ ትፈልጊኛለሽ? የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። ግራው መጀመሪያ ሄደ። ቀኙ ተከተለው። ‹ምን አልሽ?› ካልኩ ታውቂብኛለሽ ብዬ ራሴን መነቅነቅ ጀመርኩ። ዘንድሮ ያልነቀነቅኩለት የለም። ፀጉር አስተካካዩ ምን ብሎ መሰላሉን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም። እዚህም የመጣሁት የመምህራን ጉርድ ፎቶ መስሎኝ ነው። ጉጉት መሆናቸውን ያወቅኩት ሌንሱ ውስጥ ሳያቸው ነው።»

እያለቀስኩ ሳቅ አፈነኝ። ከዚያ ግን ያ ነገር ትዝ አለኝ። «መስታወቱ ፊት ሆነህ የነገርኩህስ? ምን እንዳልኩህ ታውቃለህ?»

ትንሽ አሰበ። «መጋረጃው ይታጠብ ያልሽኝ መስሎኝ። ጠዋት አወረድኩትና ዘፈዘፍኩት።»

«‹ሰኞ ትቼህ ልሄድ ነው› ነው ያልኩህ። እህቴ ጋ ሥራ ልጀምር። አንተም ነቀነቅክ።»

ከንፈሬን እየተከተለ ቃል በቃል ለቀመው። ሲገባው ጣቃዎቹ ላይ ተቀመጠ። እጄን ፈልጎ ያዘና ትከሻው ላይ፣ ቅድም የነበረችበት ቦታ መለሳት። እዚያው በእጁ ደፈናት። እንዲህ ዓይነት «ተይ አትሂጂ» በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ጎንበስ ብዬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «ሰኞ እህቴ ጋ አልሄድም። ሰኞ የጆሮ ሐኪም ጋ ነው የምንሄደው።»

ራሱን ነቀነቀ።

«እንዳትነቀንቅብኝ! ምን አልኩ?»

«ሰኞ ሐኪም ቤት» አለ እንደ ተማሪ።

«ሐኪሙ ካልቻለስ?»

«ካልቻለ ትከሻዬ አለ» አለ።

መስኮቱ ላይ የቀረው ብርሃን ትንሽ ነው። ባሌ ኮቱን አወረደውና ብርሃኑ ወደ ውስጥ ገባ። ማዶ ቆርቆሮው ላይ ትንሿ ክንፏን እያራገበች ትሞክራለች። እሱ ግን ወደ እሷ አላየም።

«ታውቂያለሽ፣ ፎቶው እንኳ ይሁን» አለኝ። «የከፋኝ ሌላ ነው። ሕፃናቱ ፍርፍር ብለው ሲስቁ አያለሁ፤ በምን እንደሚስቁ አልሰማም። ድሮ እነሱ ሲስቁ እኔም ካሜራው ሥር እስቅ ነበር፤ አታውቂም፣ ጀርባዬን ነው የምታዪው። ስሰማሽ ኖርኩ እንጂ ስታናፊ አይቼሽ አላውቅም። እስቲ አናፊልኝ፣ ልይሽ።»

አፈርኩ። የማንም ልጅ ፊት፣ የማንም አማችና ምራት በተሰበሰበበት ሳናፋ የኖርኩ ሴት፣ በገዛ ባሌ ፊት እንደ ሙሽራ አፈርኩ። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። እሱ እጆቼን አወረዳቸውና፣ ደንበኛ እንደሚያስተካክል ሁሉ በትከሻዬ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረኝ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ጠበቀ። የሰው ፊት እስኪፈታ መጠበቅ የሚችል ሰው ነው።

አናፋሁ። ከሆዴ፣ እስከ መጨረሻው ትንፋሼ ድረስ አናፋሁ። ትንሿ ጉጉት ማዶ ሆና ጸጥ አለች። ስጨርስ ባሌ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እየወረደ፣ ጣቃዎቹን ተደግፎ ይስቃል።

«ለካ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው!» አለኝ። «ስታናፊ ዓይንሽን ግጥም አድርገሽ ትጨፍኛለሽ!»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። እናቶቹ የሚያዩት ልጆቻቸውን ነው፤ እኔን ያዩኝ ሕፃናቱ ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ገና አፍ አልፈቱም።